ጥርጣሬውን ማን ይሸከም?

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ይላሉ አበው። ብርሌ ለነቃበት ሰው ነገሩ ቀላል ነበር። ጠጁ ይፈሳል፣ ብርሌው ይጣላል፣ ባለቤቱም «ዕድሌ ነው» ብሎ ሌላ ይገዛል። ብርሌ ሻጩ «እስከ ዓመት ድረስ ቢነቃብህ እኔ አለሁልህ» ብሎ ቃል አልገባለትም፤ ስለዚህም ቃል ፈረሰ፣ አልፈረሰም የሚል ሙግት አይነሣም። በዛሬው ገበያ ግን ከዕቃው ጋር ቃል አብሮ ይሸጣል። ቃሉ በትንንሽ ፊደላት ታትሞ ከሣጥኑ ግርጌ ይቀመጣል፤ ስሙም ዋስትና ይባላል። ዕቃው በተሰነጠቀ ጊዜ ቃሉም አብሮ ይፈተናል። ፈተናውም ከመስታወቱ ዋጋ የሚበልጥ የሥነ ምግባር ጥያቄ ያስነሣል፤ የአንድ ነገር እውነት በማይታወቅበት ጊዜ የጥርጣሬውን ሸክም ሊሸከም የሚገባው ማን ነው?

ለጥያቄው አካል ለመስጠት ያህል አንድ ታሪክ ይታሰብ። ከአዲስ አበባ ሆስፒታሎች በአንዱ ለምትሠራ አንዲት ነርስ፣ በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ታላቅ ወንድሟ ስማርት ሰዓት ገዝቶ ላከላት እንበል። ሰዓቱ የልብ ምት ይቈጥራል፣ የእንቅልፍን ርዝመት ይመዘግባል፣ ስልክ ሲደወል እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። ስምንት ወር በደኅና ካገለገለ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ከጠረጴዛው ላይ ስታነሣው በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር አየች። በሳምንቱ መስመሩ ጠርዙን ተከትሎ ግማሹን ዞረ፤ በወሩ መስታወቱ ከአቃፊው ተላቀቀ። ነርሷ እስከምታውቀው ድረስ ሰዓቱ አልወደቀም፣ ከምንም ነገር ጋር አልተጋጨም። ወደ አሜሪካ በሚመለስ ሰው ሻንጣ ተላከ፤ ወንድምየውም ደረሰኙንና የዋስትናውን ወረቀት ይዞ ወደ ጥገና ማዕከሉ ወሰደው። ከአሥር ቀን በኋላ የመጣው መልስ አጭር ነበር፤ ጉዳቱ በውጭ ግጭት የደረሰ ስለሆነ ዋስትናው አይሸፍነውም፤ ጥገና ከተፈለገ ክፍያው ይህን ያህል ነው። የተጠየቀው ክፍያ የአዲስ ሰዓት ዋጋ ሊሆን ጥቂት ነበር የቀረው።

ያን ዕለት ማታ ወንድምየው ደወለ። ነገሩን ሁሉ ካስረዳት በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግን እውነት፣ አልወደቀብሽም?» አላት።

ከስልኩ ማዶ ጥቂት ዝምታ ሆነ። «ጋሼ፣ አንተም እንደነሱ?» አለችው።

የነገሩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። የጥገና ማዕከሉ ደብዳቤ ነርሷን ውሸታም አላላትም፤ በጨዋ ቋንቋ ተጽፎ በምስጋና የሚያበቃ ደብዳቤ ነው። ይሁንና «አልወደቀም» ላለች ሴት «ተጋጭቷል» የሚል መልስ ሲሰጥ፣ ቃሏ ተጥሏል ማለት ነው። ጨዋነቱ ክሱን ሸፈነው እንጂ አላስቀረውም። ክሱም ከማዕከሉ ባንኮኒ ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በወንድምና በእኅት መካከል ገባ። በተሰነጠቀ ሰዓት ላይ የሚደረገው ክርክር የገንዘብ ክርክር ብቻ ተደርጎ ሲታይ ትልቁ ክፍል ሳይታይ የሚቀረው ለዚህ ነው። ሰው ስለራሱ የተናገረው ቃል ያለ ማስረጃ ሲጣል የሚደርስበት ጉዳት በክፍያ ዝርዝር ላይ አይጻፍም።

ለመሆኑ መስታወት ሳይመታ ይሰነጠቃል? ሊሰነጠቅ ይችላል። የብዙዎቹ ስማርት ሰዓቶች መስታወት በኬሚካል የተጠናከረ ነው። መስታወቱ በቀለጠ የፖታሲየም ጨው ውስጥ ሲቈይ፣ ከገጹ ላይ ትንንሾቹ የሶዲየም አዮኖች ወጥተው በምትካቸው ተለቅ ያሉት የፖታሲየም አዮኖች ይገባሉ፤ በዚህም የተነሣ ገጹ ተጨምቆ፣ ውስጡ ተወጥሮ ይኖራል። ጥንካሬውን የሚሰጠው ይኸው ነው። ነገር ግን በጠርዙ ላይ ከፋብሪካ ጀምሮ ዓይን የማያየው ጭረት ካለ፣ ወይም መስታወቱ ከአቃፊው ጋር ሲጣበቅ በአንድ ወገን ተጭኖ ከሆነ፣ ጭረቱ ከቀን ወደ ቀን ሊያድግ ይችላል። ሁለተኛም መንገድ አለ። የሊቲየም ባትሪ ሲያረጅ ወይም ሲበላሽ በውስጡ ጋዝ ተፈጥሮ ያብጣል፤ በጠባቡ የሰዓት ሆድ ውስጥ መሄጃ ስለሌለውም መስታወቱን ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ሰዓት ከበር መቃን ጋር ይጋጫል፣ ከመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ይወድቃል፤ ባለቤቱም ግጭቱን ሳያስተውለው ወይም ሳያስታውሰው ሊቀር ይችላል። ልምድ ያለው ባለሙያ ስንጥቁ የተነሣበትን ነጥብ መርምሮ ብዙ ነገር ሊናገር ይችላል። የተመታ መስታወት አብዛኛውን ጊዜ ከተመታበት ቦታ እንደ ሸረሪት ድር ይበተናል፤ ከጠርዝ የተነሣ ስንጥቅ ግን ጠርዙን ተከትሎ ሊሄድ ይችላል። ይህም ምልክት ቢሆን ሁልጊዜ የሚያስተማምን አይደለም። ስለዚህ ለብዙዎቹ ሰዓቶች እውነተኛው መልስ «አይታወቅም» የሚለው ነው።

ይህን የሚያሳይ በይፋ የታወቀ ጉዳይ አለ። የአፕል ኩባንያ ሴሪስ 2 የተባለውን ሰዓት በሴፕቴምበር 2016 እ.ኤ.አ.፣ ሴሪስ 3 የተባለውን ደግሞ በሴፕቴምበር 2017 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበ። በኦገስት 2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ደግሞ የአሉሚኒየም አካል ባላቸው በእነዚህ ሰዓቶች ላይ፣ እጅግ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ በስክሪኑ ክብ ጠርዝ ስንጥቅ ሊፈጠር እንደሚችልና ስንጥቁም ከአንድ ወገን ተነሥቶ ዙሪያውን ሊሄድ እንደሚችል አስታወቀ። የተለመደው ዋስትናው የአንድ ዓመት ሲሆን፣ እንዲህ ያለ ስንጥቅ የታየባቸውን ሰዓቶች ግን ከተሸጡበት ቀን አንሥቶ እስከ ሦስት ዓመት፣ ወይም መርሐ ግብሩ ከተጀመረ አንሥቶ አንድ ዓመት፣ ከሁለቱ የሚረዝመውን ጊዜ ቈጥሮ ስክሪናቸውን በነጻ እንደሚቀይር ገለጠ። ከዚያ ቀደም ሲል በ2018 እ.ኤ.አ. ባትሪያቸው ላበጠ አንዳንድ የሴሪስ 2 ሰዓቶች ተመሳሳይ ርምጃ ወስዶ ነበር። የባትሪ ማበጥን በሚመለከት በአሜሪካ የቀረበበትን የጋራ ክስ ደግሞ ኩባንያው ጥፋተኛነቱን ሳያምን 20 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ቋጭቶታል፤ ይህም በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በሰፊው ተዘግቧል።

ከዚህ ጉዳይ የሚገኘው ትምህርት የአንድን ኩባንያ መልካምነት ወይም ክፋት የሚመለከት አይደለም። ትምህርቱ ስለ ዕውቀት ነው። አንድ ሰው አንድ ሰዓት አለው፤ ሲሰነጠቅበት የሚያየው አንድ አጋጣሚ ብቻ ነው። ጎረቤቱ እንዲህ ያለ ነገር እንደደረሰበት እንኳ አያውቅም። በሺህ የሚቈጠሩ ሰዓቶች ወደሚመለሱበት ቤት ግን ስንጥቆቹ ተደርድረው ይታያሉ፤ አንዱ ስንጥቅ ከሌላው ጋር ሲመሳሰል፣ ሁሉም ከአንድ ጠርዝ ሲነሡ፣ አጋጣሚው ጉድለት መሆኑ ይገለጣል። እንግዲህ እውነቱን ሊያሳውቅ የሚችለው ማስረጃ ያለው በአንደኛው ወገን እጅ ብቻ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. «ሰዓቴ ሳይወድቅ ተሰነጠቀ» ያለ ሰው፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ሊያምኑት የሚያበቃው ማስታወቂያ ገና አልወጣለትም ነበር። የተናገረው ቃል በሁለቱም ዓመታት አንድ ነው፤ የተለወጠው ሰሚው የሚያውቀውና የሚያምነው ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ለጥገና ማዕከሉም መቆርቈር ተገቢ ነው። በባንኮኒው ማዶ ያለው ሠራተኛ በየቀኑ የሚያየው እውነተኞችን ብቻ አይደለም። በድንጋይ ላይ የወደቀ ሰዓት ይዞ «ከሣጥኑ ሳወጣው እንዲህ ነበር» የሚል ደንበኛ ይመጣል፤ ውሃ የገባበትን በፀጉር ማድረቂያ አድርቆ የሚያቀርብም አለ። ለእያንዳንዱ ሐሰት የሚከፈለው ገንዘብ ዞሮ ዞሮ በሚቀጥለው ሰዓት ዋጋ ላይ ይጨመራል፤ ሐሰተኛው የሚሰርቀው ከፋብሪካው ብቻ ሳይሆን ከሌሎች ገዥዎችም ነው። ሌላም የሚሰርቀው ነገር አለ። ከኋላው የምትመጣው እውነተኛ ነርስ ልታገኘው የሚገባትን እምነት ቀድሞ ወስዶባታል። ስለዚህ መጠራጠር በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ሠራተኛው የተማረው ከሰዎች ነው። ጥያቄው ጥርጣሬ ሊኖር ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ሳይሆን፣ ጥርጣሬው ሊፈታ በማይችልበት ጊዜ በማን ትከሻ ላይ ይውደቅ የሚል ነው።

በዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ። የመጀመሪያው ከላይ የተጠቀሰው ነው፤ የማወቅ ዕድል ያለው ወገን ያለማወቁን ኪሣራ ይሸከም። ይህ ካልሆነ፣ ባለማወቅ የሚጠቀም ሰው ለማወቅ የሚተጋበት ምክንያት አይኖረውም። ሁለተኛው አቅም ነው፤ አንድ መስታወት ለፋብሪካው ከብዙ መቶ ሺህ አንዱ ሲሆን፣ ለነርሷ ግን ያላት አንድ ብቻ ነው። ሦስተኛውና ዋናው ምክንያት ከቃሉ ባሕርይ የሚመነጭ ነው። ዋስትና የተሰጠው ለሚታወቀው ነገር አይደለም። ጉድለቱ በግልጥ ቢታይ ኖሮ ገዥው መጀመሪያውኑ ባልገዛው ነበር። ቃሉ የተገባው ነገ ለሚመጣው፣ ዛሬ ለማይታየው፣ ለሚያጠራጥረው ነገር ነው። «በተጠራጠርሁ ጊዜ ግን አልከፍልም» የሚል ዋስ፣ ዝናብ ሲጥል የሚታጠፍ ጃንጥላ እንደመሸጥ ነው።

ሕግም በአንዳንድ ቦታ ወደዚህ አስተሳሰብ ቀርቧል። የአውሮፓ ኅብረት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ዕቃው በተረከቡት በስድስት ወር ውስጥ የታየ ጉድለት ከመጀመሪያው የነበረ ነው ተብሎ እንዲገመት አደረገ። በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣውና ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው መመሪያ ደግሞ ይህ ጊዜ ወደ አንድ ዓመት ከፍ አለ፤ አባል አገሮችም ከፈለጉ ሁለት ዓመት ሊያደርጉት ተፈቀደላቸው። ይህ ማለት ሻጩ ሳይሰማ ይፈረድበታል ማለት አይደለም። ስንጥቁ በምት የመጣ መሆኑን ማስረዳት ከቻለ ነጻ ይወጣል። የተለወጠው የማስረዳቱ ሸክም ነው፤ «አልመታሁትም» ማለት ለገዥው ሊረጋገጥ የማይችል ነገር ስለሆነ፣ «መትተኸዋል» የሚለው ወገን ያሳይ ተባለ። በስምንተኛው ወር ላይ ለተሰነጠቀ ሰዓት በሁለቱ መመሪያዎች መካከል ያለው ልዩነት፣ በመታመንና ባለመታመን መካከል ያለውን ያህል የሰፋ ነው።

ዋስትና የሚለው ቃል ራሱ በዚህ ነገር ላይ የሚመሰክረው አለው። አማርኛ ለፋብሪካው የተስፋ ወረቀት አዲስ ስም አላወጣለትም፤ ዱሮ በሰውና በሰው መካከል ይኖር የነበረውን ስም አዋሰው። ዋስ ስሙ የሚጠራ፣ ቤቱ የሚታወቅ፣ ፊቱ የሚታይ ሰው ነበር። ተበዳሪው ቢጠፋ ከፋዩ እሱ ነው፤ «የማውቀው ነገር የለም» ብሎ ማምለጥ አይችልም። ዋስ ያጣ ባለ ጉዳይ ደግሞ ከባላጋራው ጋር ይቈራኝ ነበር፤ ልብስ ከልብስ ተቋጥሮ ወይም በሰንሰለት ተያይዞ፣ ሁለቱ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ አብረው ይሄዱ ነበር። ቁራኛ ጨካኝ ሥርዓት ስለነበረ እንዲመለስ የሚመኘው አይኖርም። ሆኖም በዚያ ሥርዓት አንዱ ወገን ሌላውን ከነሙግቱ ትቶ መሄድ አይችልም ነበር። የዛሬው ዋስትና የታሰረው በአንድ እጅ ላይ ብቻ ነው። የተሰነጠቀው ሰዓት ከገዥዋ አንጓ ጋር ይቀራል፤ ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ግን ስሙና ፊቱ የማይታወቅ፣ ደብዳቤውም በማን እንደተጻፈ የማይታወቅ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እንደ ጥንቱ ዋስ ሊሆን የሚችል አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ወንድምየው ነው። «እኅቴ ናት፣ አትዋሽም» ብሎ ሊቆምላት ይችል ነበር። የማዕከሉ ቅጽ ግን የሰዓቱን መለያ ቍጥር፣ የተገዛበትን ቀንና የጉዳቱን ዓይነት ብቻ ይጠይቃል፤ ሰው ስለ ሰው የሚሰጠውን ቃል የሚቀበል መስመር የለውም። እንግሊዛዊቷ ፈላስፋ ሚራንዳ ፍሪከር በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፏ፣ ተናጋሪው ስለማንነቱ በተያዘ ጭፍን አመለካከት የተነሣ ቃሉ ከሚገባው በታች ሲገመት እንደ ዐዋቂ ሰው ይበደላል ትላለች። የነርሷ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ በዚህ አይለካ ይሆናል፤ የተናቀችው በማንነቷ ሳይሆን ደንበኛ በመሆኗ ነው። ነገር ግን ደንበኛ ሁሉ ቢጠየቅ ይዋሻል ተብሎ አስቀድሞ ከተወሰነ፣ ይህም አንዱ የጭፍን አመለካከት ዓይነት ነው።

ደግሞም የሚያስገርም ነገር አለ። ይህ ሰዓት የነርሷን እያንዳንዱን ርምጃ ቈጥሯል፤ ልቧ በሌሊት ስንት ጊዜ እንደመታ ያውቃል፤ እጇ ሲንቀሳቀስ የሚለካ መሣሪያ በውስጡ አለ። አንዳንዶቹ ሰዓቶች ባለቤታቸው ሲወድቅ ዐውቀው ለእርዳታ ይደውላሉ። ስለ ባለቤቱ ይህን ያህል የሚያውቅ ዕቃ ስለራሱ ስንጥቅ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። የሰውነቷን ምሥጢር ለሰዓቱ ያመነች ሴት፣ ስለ ሰዓቱ የተናገረችው አንድ ዐረፍተ ነገር አልታመነላትም። እምነቱ የሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

የሩቅ አገር ስጦታ ሲሆን ነገሩ የባሰ ይሆናል። በምሥራቅ አፍሪካ ሕጉ ፈጽሞ የለም ማለት አይቻልም። በኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅም ጉድለት ያገኘ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደነገገ። ኬንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷ ውስጥ የሸማቾችን መብት አስገብታ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የሸማቾች ጥበቃ ሕግ አውጥታለች። ነገር ግን በሻንጣ ተሸክሞ የመጣ ሰዓት ሻጩ እዚህ የለም፤ ሻጩ ባለበት አገር ደግሞ ተጠቃሚዋ የለችም። የብዙ አምራቾች ዋስትናም ዕቃው በተሸጠበት አገር የሚወሰን ነው። ለተቀባይዋ እንዲህ ያለ ዋስትና «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ነው። በቤተ ዘመድ ፍቅር ባሕር እየተሻገረ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ ከዋሱ ተለይቶ እንደሚመጣ ላኪዎቹ ብዙ ጊዜ አያስቡትም።

እንግዲህ ከጥገና ማዕከሉ የሚጠበቀው ምን ነበር? ሁሉን ማወቅ አልነበረም። ደብዳቤው «ስንጥቁ እንዴት እንደመጣ አላወቅንም፤ ቃሉን የሰጠነው እኛ ስለሆንን ግን ጥርጣሬው በእኛ ላይ ይሁን» ቢል፣ ወይም «ምቱ ያረፈበት ነጥብ ይኸውና» ብሎ በፎቶግራፍ ቢያሳይ፣ ነርሷ በመጀመሪያው መልስ ሰዓቷን፣ በሁለተኛው ደግሞ ቢያንስ ምክንያቱን ታገኝ ነበር። የተሰጣት መልስ ግን ያልታወቀውን እንደታወቀ አድርጎ የሚናገር ነው። ከነርሷም የሚጠበቅ ነበር፤ የወደቀ ሰዓት ቢሆን ኖሮ «ወድቋል» ማለት፣ ሳታስተውል ተጋጭቶ ሊሆን ይችል እንደሆነም ራሷን በቅንነት መጠየቅ። ያለ ገዥዎች ሐቀኝነት ለገዥ የሚያደላ ሕግ ብዙ አይቈይም።

ወንድምየውም በማግሥቱ መልሶ ደወለ እንበል። ስለ ሰዓቱ አላነሣም፤ ስለ እናታቸው ጉልበት ጠየቃት፣ ስለ ሥራዋ ጠየቃት። ሊዘጋ ሲል፣ «ትናንት እንደዚያ መጠየቅ አልነበረብኝም» አላት። ሰዓቱ እንዴት እንደተሰነጠቀ እሱም አላወቀም፤ ሊያውቅም አይችልም። «ይሁን» አለችው። እሷም ለተራ ሥራዋ ወጣች፤ የሕሙማኖቿን የልብ ትርታም በጣቷ ይዛ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየች ቈጠረች።